ካሜራ ይዛ ከአጥሩ ማዶ

ሞሹፓ መንደር ውስጥ ሠርግ ሲኖር ሁሉም ሰው ወጥ ቀማሽ ነው፣ ሁሉም ሰው ዳኛ ነው፣ ስልክ ያለው ሁሉ ደግሞ ፎቶ አንሺ ነው። ካሜራ ያላት ግን ባሳዲ ብቻ ነበረች። አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ከፊቱ የቲማቲም ጣሳ የሚያህል መነጽር የወጣለት፣ የምር ካሜራ። መንገድ ሊሠራ መጥቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ መሐንዲስ ነው የገዛችው። መሐንዲሱ የአጠቃቀም መጽሐፉን ጥሎት ስለነበር ባሳዲ ካሜራውን የተማረችው ሴት የባሏን ጠባይ እንደምትማረው ነው፤ አንዱን ቁልፍ ትነካለች፣ ሲያኮርፍባት ሌላውን ትነካለች።

በሥራ ቀን የከብት መኖና የአጥር ሽቦ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ቆማ ትውላለች። እሑድ እሑድ ዶሮዎችን፣ ከጸሎት የሚወጡ አሮጊቶችን፣ ከመንደሩ በላይ የተቆለሉትን ትላልቅ ድንጋዮች ታነሳለች። ድንጋዮቹ ስለማይነቃነቁ ደህና ይወጣሉ። የቀረው ወይ ጭንቅላት ይጎድለዋል ወይ እግር። አንድ ጊዜ የፓስተሩን ልደት አንስታ ፓስተሩን ራሳቸውን ረስታቸዋለች።

ስለዚህ ጎራታ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ የሽቦ ጥቅልል ላይ ቁጭ ብላ፣ "ሠርጌን የምታነሺው አንቺ ነሽ" ስትላት ባሳዲ ሳቀች።

"አብደሻል? እኔ ዶሮ ነው የማነሳው።"

"እኔስ ምኔ ከዶሮ ይሻላል? እግሬን ይዘው ሊያስረክቡኝ አይደል!"

"ጎራታ፣ ሠርግ አይደገምም። ጭንቅላትሽን ብቆርጠውስ?"

"ቁረጪው። ከሌላ ሰው ያንቺ ቢላ ይሻለኛል።"

ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ አንዷ ስትመታ ሌላዋ የምታለቅስ አብሮ አደጎች ናቸው። አሁን ጎራታ አስተማሪ ናት። ኦቴንግ የሚባል የጉድጓድ ውሃ ቆፋሪ ልታገባ ነው፤ ምላሱ ትንሽ የሚንተባተብ፣ ልቡ ግን የማይንተባተብ ሰው።

"ደግሞ ድንኳኑንና ኬኩን ብቻ አይደለም" አለች ጎራታ። "ንጋቱንም።"

ባሳዲ በእጇ የያዘችውን የሽቦ መቁረጫ አስቀመጠች።

ንጋቱ ቀልድ አይደለም። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ የሙሽራው ሽማግሌዎችና ሴቶቻቸው የጥሎሹን ከብት አስነድተው ይመጣሉ። በሙሽራዋ ግቢ ወንዶቹ በርጩማ ላይ፣ ሴቶቹ መሬት ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጡና "ውሃ መቅጃ ቅል ልንለምን መጣን" ይላሉ። ቅሏ ሙሽራዋ ናት። እዚያ የሚቀመጥ ያገባ ሰው ብቻ ነው። ያገባች ሴት በሰማያዊው ቀሚሷ ላይ ዳማ ዳማውን ወፍራም ሻል ትጥላለች፣ ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች፣ ደረቷን ነፍታ ትገባለች። ያላገባች ሴት ዕድሜዋ ሰማንያ ቢሞላም ቦታዋ ጓሮ፣ ከድስቱ ጋር ነው።

ባሳዲ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ሰው ነበራት። "አጎቶቼን ሽማግሌ እልካለሁ" እያለ ስድስት ክረምት አስቆጠራት። አጎቶቹ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ናቸው መሰል።

"ንጋት ላይ ማን ያስገባኛል?" አለች።

"እኔ።"

"አንቺ ሙሽራ ነሽ። ሙሽራ ያዟታል እንጂ አታዝም።"

ጎራታ ከሽቦው ላይ ተነሳች። "ስሚኝ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ የአባቴ ወገን አለ፣ የእናቴ ወገን አለ፣ የእሱ ወገን አለ። የኔ ወገን ማነው? አንቺ ነሽ። አንቺ ጓሮ ሽንኩርት እየላጥሽ እንድትሰሚኝ አልፈልግም። እንድታዪኝ ነው የምፈልገው።"

ባሳዲን እንዲህ ያለ ነገር ሰው ጠይቋት አያውቅም። ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ መጣባት፣ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አልለየችም።

"አክስትሽ ማዲቲሮ አጥንቴን ይሰብሩታል" አለች በመጨረሻ።

"ይስበሩት፤ እጅሽን ብቻ ይተዉልን።"

ንጋትን ማንሳት ዶሮ እንደማንሳት አይደለም። ብርሃን የለም፣ ያለው ትንሽ ብርሃንም ሰነፍ ነው። ባሳዲ ይህን የተረዳችው የመጀመሪያ ሙከራዎቿ ሁሉ ከሰል ሆነው ሲወጡ ነው። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ሰው ሳይነሳ ወደ ሞትሱሚ በረት መውረድ ጀመረች። ሞትሱሚ የጎራታ እናት ወንድም ናቸው። እዚያ አገር የእናት ወንድም ካልተናገረ ሠርግ ሠርግ አይባልም፤ ቅዳሜም ሙሽራዋን አስጠርተው የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። "ከብቶቹን አንሺያቸው፤ ለኔ አልታዘዝ ብለዋል፣ ላንቺ ይታዘዙ እንደሆነ" ብለው ፈቀዱላት።

አንድ የወተት በርሜል አቁማ፣ ብርድ ልብስ አልብሳ፣ ሙሽራ አደረገችው። ከፊቱ ሆና፣ ከጎኑ ሆና፣ ከላሞቹ እግር ሥር ተንበርክካ አነሳችው። እጇ ሲንቀጠቀጥ ሙሽራው ጭስ ይሆናል፤ ትንፋሿን ስትይዝ እንደገና በርሜል ይሆናል። ብርዱ ጣቶቿን ሲያደነዝዛቸው ብብቷ ውስጥ ታሞቃቸዋለች። ሱቅ ስትገባ እበት እበት ትሸት ነበር፤ ደንበኞቹም የከብት ሰዎች ስለሆኑ አልተጸየፏትም።

አንድ ማለዳ ግን ትዕግሥቷ አለቀና ፍላሹን ሞከረችው። በረቱ መሃል መብረቅ የወደቀ መሰለ። ቀይዋ ላም ዘለለች፤ እሷን ያየው ወይፈን ተከተለ፤ የቀሩትም የእሾህ አጥሩን ገነጣጥለው ወጡ። ፀሐይ ስትወጣ አንዷ ጊደር የፓስተሩን ጎመን ጨርሳ ታመሰኳ ነበር። ሌሎቹ አስፋልቱ ላይ ቆመው የከተማውን አውቶቡስ አግተውታል።

ሞትሱሚ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ወጥተው የፈረሰውን አጥር ዞረው አዩት።

"ልጄ" አሉ፣ "ፎቶ አንሺ ብዬ እንጂ ከብት ንጂ ብዬ አልፈቀድኩልሽም።"

"ይቅር ይበሉኝ አጎቴ። ፍላሹ ነው።"

"ቅዳሜ የሚመጡት ከብቶች የሰው ናቸው። እነሱ ከደነበሩ ጋብቻውም ደነበረ ይባላል። ይሄን መብረቅሽን ቤትሽ ትተሽ ነይ።"

ነይ አሉ እንጂ አትምጪ አላሉም፤ ባሳዲ ይህን ልብ ብላ ያዘች። አጥሩንም ከሱቁ በዱቤ ባወጣችው ሽቦ ራሷ ጠገነችው። ወሬው ግን ከላሞቹ ቀድሞ መንደሩን ዞሮ ጨርሷል። "ያላገባች ሴት በረት ስትገባ ውጤቱ ይኸው ነው" የሚሉ አፎች በየውሃ ጉድጓዱ ተከፈቱ፤ ፍላሽ ያገባና ያላገባ የሚለይ ይመስል።

በዚያው ቀን ማዲቲሮ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። የጎራታ አባት እህት ናቸው፤ የሠርጉ ጄኔራል። እጃቸውን ወገባቸው ላይ ሲያደርጉ በሩ ሞልቶ ብርሃን አይገባም።

"አንቺ ልጅ" አሉ። "ድንኳኑን አንሺ፣ ኬኩን አንሺ፣ ጭፈራውን አንሺ፣ ደስ ይበልሽ። ንጋቱን ግን እርሺው። የሙሽራው ቤት ከከተማ ፎቶ አንሺ ቀጥሯል።"

"አግብቷል?"

"ማን?"

"ፎቶ አንሺው።"

"ጢሙ እንኳ ያልበቀለ ልጅ ነው፤ ከየት አምጥቶ ያገባል!"

"ታዲያ እንዴት ይገባል?"

"እሱ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛ አይቆጠርም። እንደ ወንበሩ ነው፣ እንደ ድንኳኑ እንጨት ነው።"

"እኔም እኮ ልሠራ ነው የምገባው።"

"አንቺማ ሰው ነሽ! አባትሽን አውቃለሁ፣ እናትሽን ቀብሬያለሁ። አንቺን እንዴት አድርጌ እንጨት ልበልሽ? ያዩሽ ሁሉ 'ይቺ ቆሞ ቀር እዚህ ምን ትሠራለች' ይላሉ።"

ቃሉ ወጣ። መኖ ሊገዛ የቆመ አንድ ገበሬ የሌለ አቧራ ከኮፍያው ላይ ማራገፍ ጀመረ። ባሳዲ ይህን ቃል ከጀርባዋ ስትሰማው ኖራለች፤ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ያማል። ደግሞ የሚያመው ውሸት ስለሆነ አይደለም፣ የተናገሩት ሴትዮ ሕፃን ሆና አዝለዋት ስለሚያውቁ ነው።

"ቆሜ ከቀረሁ ምን ችግር አለው" አለች። "ፎቶ የሚያነሳ ሰው አይቀመጥም።"

"ይሄ አፍሽ! ባል ያጣሽው በዚህ አፍሽ ነው።"

"አይደለም አክስቴ። ባል ያጣሁት አጎት የሌለው ሰው ወድጄ ነው።"

ገበሬው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ማዲቲሮ እሱን ገላምጠውት ወጡ።

ልማድ ክፉ ነገር አይደለም። ልማድ ባይኖር ሰው ከብት እየነዳ ሄዶ ሰው የሚለምንበት አፍ ከየት ያመጣል? ግን ጢም ያላበቀለውን እንጨት ነው ብሎ እያስገባ፣ ሴቲቱን ሰው ነሽ ብሎ የሚያስወጣ ልማድ ሲያጋጥም ዝም የሚል ዝም ይበል። ባሳዲ ዝም አላለችም። በማግስቱ ማለዳ እንደገና በረቱ ውስጥ ነበረች።

ጎራታም በበኩሏ ቤት ውስጥ ጦርነት ከፍታ ነበር። "ባሳዲ ካልገባች ከክፍሌ አልወጣም" አለች። ይህን ስትል ለሠርጉ አንድ ሳምንት አልቀረውም፤ በሬው ተመርጧል፣ ድንኳኑ ተከራይቷል፣ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች ሻንጣቸውን አዘጋጅተዋል። ማዲቲሮ ደግሞ በሬም ሙሽራም መንዳት የሚያውቁ ሴት ናቸው። ከፊት መጎተት አልሆን ሲል በጎን ይዞሩታል። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ፌስታል ይዘው ባሳዲ ቤት መጡ።

"በሩን ዝጊው" አሉ። ከፌስታሉ ውስጥ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሻሽና ዳማ ሻል አወጡ። "የኔ ትርፍ ነው። ሻሹን ዝቅ አድርገሽ እሰሪ። ከሴቶቹ መስመር መጨረሻ ትገቢያለሽ፣ ታነሺያለሽ፣ ትወጫለሽ። የሙሽራው ወገን አያውቅሽም። የጠየቀሽ ካለ የአንድ የሎባትሴ ከተማ ሰው ሚስት ነሽ።"

"የማን?"

"የሎባትሴ ሰው። ሎባትሴ ሰው ሞልቷል፤ ማን ይቆጥረዋል።"

"ልማዱስ አክስቴ?"

"ልማድ የሚፈርሰው ሰው ሲያየው ነው። ካላዩት አልፈረሰም።" ማዲቲሮ ሻሉን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና እጃቸው እዚያው ትንሽ ቆየ። "እይ፣ ደግሞ ያምርብሻል" አሉ። እንደ ስድብ አላሉትም።

ሲሄዱ ባሳዲ መስታወት ፊት ቆመች። እውነታቸውን ነው፣ ያምርባታል። ትከሻዋ ሰፍቶ፣ አንገቷ ረዝሞ፣ ይህን ሁሉ ዓመት መንገድ ላይ የቀሩት እነዚያ አጎቶች ደርሰውላት ቢሆን ኖሮ የምትሆነዋን ሴት መሰለች። አለቀሰች። ይህን ሻል ትፈልገው ነበር፤ አልፈልገውም ስትል የኖረችው ውሸቷን ነው። አልቅሳ ስትጨርስ በራሷ ተናደደች፣ አፍንጫዋን ጠረገችና ካሜራውን አነሳች።

ክንዷን ወደ ላይ ስታደርግ የመርፌው ቁልፍ ተፈትቶ ሻሉ ተንሸራተተ። እንደገና አያይዛ እንደገና አነሳች። እንደገና ወደቀ። ሻሉ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለምትቀመጥ ሴት እንጂ እጇን ለምታነሳ ሴት አልተሠራም። በሽቦ ላስረው ብላ አሰበች፤ ሽቦ መቼም አይቸግራትም። ከዚያ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። ጎራታ የለመነችው ምን ነበር? ከኔ ወገን አንድ ሰው ይየኝ ነው ያለችው። ቅዳሜ ከመስመሩ መጨረሻ የምትቆመው ማን ናት? የሎባትሴው ሰውዬ ሚስት። ጎራታን የሎባትሴው ሰውዬ ሚስት አይታ ምን ይረባታል!

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሙሽራዋ ግቢ እንደ ገበያ ነበር። በሬው ታርዶ ሥጋው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ሴቶቹ በሦስት እግር ድስቶቹ ዙሪያ ዱባ ይከትፋሉ፣ ጎመን ያጥባሉ፣ ሰው ያማሉ። ባሳዲ ሻሉን በእጇ ይዛ መሃላቸውን ሰንጥቃ መጣች። ፌስታሉን ሱቅ ረስታዋለች ይባላል። እኔ ግን የረሳች አይመስለኝም።

"አክስቴ፣ ያዋሱኝን ሻል መልሼአለሁ።"

ቢላዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆሙ። የማን ሻል እንደሆነ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ለምን እንደተሰጠ ለመረዳት እዚያ ካሉት ሴቶች አንዷም እርዳታ አላስፈለጋትም።

ማዲቲሮ የድንች ልጣጩን ከጉልበታቸው ላይ አራገፉ። "ምነው፣ ጠበበሽ?"

"ልኬ ነው። የኔ ግን አይደለም። አላገባሁም፤ ያገባሁ መስዬ ደግሞ አልገባም። ብታስገቡኝ ባሳዲን አስገቡ፣ ካልሆነ ይቅር።"

"እንግዲያው ይቅራ! ነገ ጎህ ሲቀድ አይደለም ግቢው መሃል፣ ጓሮም እንዳላይሽ። ሰው አዋርደሽ ድስት ሥር መጠጋት የለም። ከአጥሩ ወዲያ!"

"እሺ። ከአጥሩ ወዲያ።"

"ምን ልትሠሪ?"

"ላነሳ ነዋ። አጥሩ የእናንተ ነው፤ ሽቦውን የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ። መንገዱ ግን የማንም አይደለም።"

አንዲት ጎመን አጣቢ "ወይኔ ጉዴ" ብላ አፏን በእርጥብ እጇ ያዘች። ባሳዲ ወጣች። ወደ ኋላም ዞራ አላየችም። ጎራታ በመስኮት አይታታለች፤ ያለችውንም ሰምታለች። አልጠራቻትም፤ መጋረጃውን ግን አልዘጋችም።

ቅዳሜ ገና ድንግዝግዝ እያለ ባሳዲ ከአጥሩ ውጭ አንድ ባዶ በርሜል ደፍታ ላዩ ላይ ወጣች። የለበሰችው የእሑድ ቀሚሷንና ሹራቧን ነው፤ ራሷ ላይ ምንም የለም። በርሜሉ ይወዛወዛል። በመጀመሪያ ብቻዋን ነበረች። ቆይቶ ሌሊቱን ሙሉ ድስት ሲያማስሉ ካደሩት ሴቶች አንዷ በጓሮ በር ሾልካ መጣችና በርሜሉን በሁለት እጇ ያዘችላት። ሌላ መጣች። ከዚያ ሌላ። ሁሉም ያላገቡ ናቸው። በየሠርጉ ምድጃ ሲያነድዱ የኖሩና አንዱንም ንጋት አይተው የማያውቁ።

"ምን ምን ይታይሻል?" አለች አንዷ ከታች።

"የወንዶች መላጣ።"

"እሱንማ እኛም አይተናል።"

ግቢው ውስጥ የሙሽራው ወገን ገብቶ ተቀምጧል። ከብቶቹ ከበሩ ውጭ ከእረኞቻቸው ጋር ቆመው ይተነፍሳሉ። የከተማው ፎቶ አንሺ ልጅ መሃል መሃሉን ይሽሎከለካል፤ እውነትም ማንም አላየውም። ማዲቲሮ ከሴቶቹ ፊት እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንዴ ወደ አጥሩ ዞረው በርሜሉን፣ በርሜሉ ላይ ያለችውን፣ ከበርሜሉ ሥር ያሉትን አዩና ፊታቸውን መለሱ።

"ውሃ መቅጃ ቅል ልንለምን መጣን" አሉ የሙሽራው ሽማግሌ።

"ቅል እዚህ ቤት ብዙ ነው" አሉ ሞትሱሚ። "የትኛዋን አይታችሁ ነው?"

"ጎራታ የምትባለዋን።"

"እሷማ ውሃዋ ጣፋጭ ነው። በከንቱ አትገኝም።"

"ከብቶቹ በር ላይ ናቸው ጌታዬ።"

እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው ሙሽራዋ ተጠራች። ጎራታ ከክፍሌ አልወጣም ማለቷን ትታ፣ በሁለት አክስቶች ተይዛ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ወጣች። ሙሽራ መሬት መሬቱን ነው የምታየው፤ ቀና ካለች ለመሄድ ቸኩላለች ይባላል። ጎራታም አንገቷን ደፍታ መጥታ ተቀመጠች። የከተማው ልጅ ከፊቷ ተንበርክኮ ብዙ አነሳ። ያነሳው ሁሉ ብርድ ልብስ ነው።

"ልጄ" አሉ ሞትሱሚ፣ "እነዚህ ሰዎች ከብት ነድተው መጥተዋል። ከብቶቹ ይግቡ ወይስ ይመለሱ?"

የዚህ ጥያቄ መልስ የታወቀ ነው፤ ሙሽራዋ ወዲያው፣ በቀጭን ድምፅ፣ "ይግቡ" ትላለች። ጎራታ ዝም አለች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከራሷ ላይ ወደ ኋላ ገፋችውና ቀና አለች። አጎቷን አላየችም፤ እንግዶቹንም አላየችም። በሰዎቹ ሁሉ አናት ላይ አሻግራ አጥሩን ከዚህ እስከዚያ ፈለገችው፤ በርሜሉ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ።

"አንገትሽን ድፊ!" አለች አንዷ አክስት በጥርሷ መሃል። ጎራታ ንቅንቅ አላለችም።

ባሳዲ ገባት። ካሜራውን ዓይኗ ላይ ለጠፈችው። መነጽሩ ግን በዚያ ጭላንጭል ማንን እንደሚያይ መወሰን አቅቶት ወደፊትና ወደኋላ ዝዝ፣ ዝዝ ይላል። አንዴ የአጥሩን ሽቦ ያጠራል፤ አንዴ ከኋላ ያለውን ድንኳን። ጎራታ በመሃል ጉም ናት።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለች ከታች በርሜሉን የያዘችው።

"አላገኘኋትም!"

"ያቻት እኮ!"

"እኔማ አየኋት፣ ካሜራው ነው!"

ግቢው ውስጥ ማጉረምረም ተነሳ። የሙሽራው ሽማግሌ በርጩማቸው ላይ ተቁነጠነጡ። "እምቢ አለች እንዴ?" አለ አንድ ሰው፤ የሹክሹክታ ያህል ነበር፣ ግን ሁሉም ሰማው። ከበሩ ውጭ አንድ በሬ ጮኸ። ሞትሱሚ የእህታቸውን ልጅ ዓይን ተከትለው ወደ አጥሩ አዩ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ከኪሳቸው የሱረት ቆርቆሯቸውን አወጡ፤ ቀስ ብለው ከፈቱት፣ በጣታቸው ቆነጠሩ፣ ወደ አንዱ አፍንጫቸው አቀረቡ። የእናት ወንድም ሱረት ሲስብ የሚያቋርጠው የለም።

ባሳዲ ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ወደ ሌላው አፍንጫ ሲዞሩ አየቻቸው። ጎራታ አሁንም ቀና እንዳለች ናት፤ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ከሩቅ ይታያል። ይህች ልጅ ዛሬ ባሏን፣ ከብቱን፣ ሁለት ቤተሰብ ሙሉ ሰው አቁማ የምትጠብቀው እኔን ነው ብላ ስታስብ ባሳዲ ልትጮህ ደረሰች።

ያኔ ማዲቲሮ ተነሱ። በዚያ ሥርዓት መሃል ሴት አትነሳም፤ እሳቸው ግን ሻላቸውን ይዘው ተነሱ፣ ወደ አጥሩ ዞሩ፣ የሙሽራው ወገን ሁሉ እየሰማ ጮኹ።

"ባሳዲ! ምን ትደነብሪያለሽ! የሰው ከብት ቆሞ! አንሺያት እንጂ!"

ባሳዲ በራሱ የሚያጠራውን ቁልፍ አጠፋችውና የመነጽሩን ቀለበት በእጇ አዞረችው። ሽቦው ቀለጠ፣ ድንኳኑ ጠፋ፣ ጎራታ መጣች፤ ዓይኗ፣ አፏ፣ ደረቷ ላይ የወደቀው ብርድ ልብስ። ቀጭ አለ። እንዲያ ባለ ጸጥታ ውስጥ ድምፁ እስከ ከብቶቹ ድረስ ተሰማ።

"ይግቡ!" አለች ጎራታ፤ በቀጭን ድምፅ ሳይሆን ተማሪ በምትጠራበት ድምፅ።

የመጀመሪያው እልልታ የተነሳው ከአጥሩ ማዶ ነው። ውስጥ ያሉት ተቀበሉ።